ቴፕ የሌለበት ቴፕ፦ የአሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ታሪክ

አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ። ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ ቶዮታ ፒክአፕ የያዘ ሰው መኪናውን ጥግ አስይዞ ወደ አንዱ ሱቅ ጎራ ይልና «ቴፕ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁም «ባለ ሰባት ነው ባለ ዘጠኝ?» ይለዋል፤ ኢንች ማለቱ ነው። ከመደርደሪያው የሚወርደው ዕቃ በጣት የሚነካ መስታወት፣ ብሉቱዝና ካርታ ያለው፣ የኋላ ካሜራ የሚቀበል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ካሴት የሚጎርስበት አፍ የለውም። የሚጠቀለል ክር የለውም። ስሙ ግን ዛሬም ቴፕ ነው።

ዕቃው ሞቶ ስሙ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያዊ ሹፌር በጋቢናው ውስጥ ምን እንደሚሰማ ራሱ መምረጥ የጀመረው በካሴት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮው ምን እንደሚል የሚወስነው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። «ቴፕ» የዕቃ ስም ብቻ ሳይሆን የምርጫ ስም ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው።

የአሮጌ ፒክአፕ ወንበር ማሰፋት፣ ወለል ማልበስ፣ ስፒከር ማስገጠም ለብዙ ሰው ቅንጦት ወይም የወጣት ጉራ ይመስላል። ታሪኩን ለሚከተል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለመሥሪያ ቤት የተሠራን መኪና የሰው ለማድረግ የተደረገ ረጅም ጥረት ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ይህ ጥረት የጥቂት ሰዎች የትርፍ ጊዜ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። አሮጌው ፒክአፕ የሚጣል ሳይሆን የሚወረስ ንብረት ሆኗል። ውስጡ እንዴት እንደሚታደስም የብዙ ሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

▪️ ስሙ ምቾት፣ ውስጡ ባዶ

ቶዮታ የመጀመሪያውን ሃይሉክስ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በማርች 1968 ነው። የተገጣጠመው በሂኖ ኩባንያ የሐሙራ ፋብሪካ ሲሆን፣ 1.5 ሊትር ሞተርና ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አንድ ወጥ ወንበር ነበረው። ስሙ «ሃይ» እና «ላክሸሪ» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተገጣጠመ ነው፤ «ከፍ ያለ ምቾት» እንደማለት።

ወደ አፍሪካ የመጣው ሃይሉክስ ግን ከስሙ በቀር ምቾት አልነበረውም። ወለሉ ጎማ ወይም ፕላስቲክ፣ ወንበሩ በላብ የሚያጣብቅ ሰው ሠራሽ ቆዳ ወይም ስስ ጨርቅ፣ የበሩ ልባስ ደረቅ ፕላስቲክ ነበር። በብዙዎቹ ዳሽቦርድ መካከል ሬዲዮ ሊቀመጥበት የሚገባው ቦታ በጥቁር ክዳን ተሸፍኖ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ባለ አራት ጎማ ጉተታው ሃይሉክስ ሲመጣ መኪናው ዳገቱን፣ ጭቃውንና አሸዋውን አሸነፈ። ውስጡ ግን እንደነበረ ቀረ።

ምክንያቱ ድህነት ብቻ አይደለም። የዚያን ጊዜ ፒክአፕ ገዢ በአብዛኛው መንግሥት፣ የእርሻ ድርጅት፣ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ወይም የእርዳታ ድርጅት ነው። ገዢውና ተሳፋሪው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የግዥ ክፍል ኃላፊው የሚያየው ዋጋውን፣ የጭነት አቅሙንና የመለዋወጫ አቅርቦቱን ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎዴ ድረስ በዚያ ወንበር ላይ ወገቡ የሚንቀጠቀጠው እሱ አይደለም። የፒክአፕ ጋቢና ለአሥርተ ዓመታት ባዶ ሆኖ የቆየው የሚቀመጥበት ሰው በግዥው ላይ ድምፅ ስላልነበረው ነው።

በእርዳታ ድርጅቶች መኪና ላይ ይህ በጉልህ ይታይ ነበር። እስከዛሬም ከጅብራልታር እየተነሣ ቶዮታ መኪናዎችን ለእርዳታና ለልማት ድርጅቶች የሚያቀርብ ኩባንያ አለ። ለእነዚህ መኪናዎች የሚጨመረው ዋነኛ ዕቃ ዘፈን ማጫወቻ ሳይሆን ከፊት መከላከያው ላይ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚወዛወዝ ረጅም አንቴና ያለው የመገናኛ ሬዲዮ ነበር። ሹፌሩ የት እንደደረሰ ለቢሮው ይናገርበታል፤ ቢሮው ወዴት እንደሚሄድ ያዘዋል። በጋቢናው ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ የአለቃ ድምፅ ነበር ማለት ነው።

▪️ ቀዳዳው እንዴት ተከፈተ?

ሙዚቃ መኪና ውስጥ የገባበት መንገድ ራሱ በቀላሉ አልተጠረገም። እ.ኤ.አ. በ1930 ፖል ጋልቪን የተባለ የቺካጎ ነጋዴ ከወንድሙ ከጆሴፍና ዊልያም ሊርና ኤልመር ዌቨሪንግ ከተባሉ ወጣት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ሬዲዮ በራሱ ስቱድቤከር መኪና ላይ ገጠመ። መኪናውን አትላንቲክ ሲቲ ይካሄድ ወደነበረው የሬዲዮ አምራቾች ጉባኤ ነድቶ ወሰደና ውጭ አቁሞ ለመንገደኛው አሰማ። ለመኪናው ሬዲዮ የወጣለት «ሞቶሮላ» የሚለው ስም በኋላ የኩባንያው ስም ሆነ።

ያ ሬዲዮ ከ110 እስከ 130 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ አዲስ ፎርድ መኪና ከ600 ዶላር በታች በሚገዛበት ዘመን። አገጣጠሙም አስቸጋሪ ነበር። የመኪናው ወለል ይበሳል፣ ጣሪያው ውስጥ አንቴና ይዘረጋል፣ ከሻማዎቹ የሚመጣው ጩኸት በመከላከያ ይታፈናል። የማሳቹሴትስ ግዛትንና የሴንት ሉዊስ ከተማን ጨምሮ በአንዳንድ ቦታዎች «ሹፌሩን ያዘናጋል» ተብሎ በሕግ ይከልከል የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዛሬ ስለ ስልክ የሚባለው ሁሉ ያን ጊዜ ስለ ሬዲዮ ተብሏል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ጣቢያው የሚለውን ሳይሆን እኔ የምፈልገውን እንዴት ልስማ?» የሚለው ነው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም ሞዴል መኪናዎቹ ላይ ሸክላ ማጫወቻ ሞከረ፤ ለእሱ ተብሎ የተቀረጸ ልዩ ሸክላ ስለሚፈልግ ብዙም አልቆየም። ፎርድ በ1966 ሞዴሎቹ ላይ ባለ ስምንት ትራኩን ቴፕ አቀረበ። ከዚህ ቴፕ ጀርባ የነበረው ከ35 ዓመት በፊት ከጋልቪን ጋር የሠራው ያው ዊልያም ሊር ነው። ሁሉንም ያሸነፈው ግን የሆላንዱ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ያሳየው ትንሹ ካሴት ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ይወድቃል ይነሣል፣ በእርሳስ ይጠቀለላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊቀዳው ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ የዛሬው የሶማሌ ተራ ገበያ የቆመው በእሱ ላይ ነው። የጀርመን የደረጃዎች ተቋም ለመኪና ሬዲዮ የወሰነው የቀዳዳ ልክ፣ ስፋቱ 180 ቁመቱ 50 ሚሊ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ባለሱቆቹ «ዲን»፣ «ዳብል ዲን» የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው፤ ዳብል ዲን ቁመቱ እጥፍ የሆነው ነው። ቶዮታ የራሱን ትንሽ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ቢጠቀምም ክፍተቱ በጎንና ጎን በሚገባ ፕላስቲክ ይሞላል። በ1990ዎቹ የተሠራ ሃይሉክስ ዛሬ የተመረተን የቻይና ስክሪን ያለ ብዙ መቁረጥ የሚቀበለው ሰዎች በአንድ ቀዳዳ ልክ ላይ ስለተስማሙ ነው።

▪️ አንድ ድምፅ የነበረበት ዘመን

ኢትዮጵያ ውስጥ የመኪና ሬዲዮ ለረጅም ጊዜ የሚይዘው ጣቢያ በጣት የሚቆጠር ነበር። የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ከአዲስ አበባ ያስተላልፉት የነበረው «የምሥራች ድምፅ» በ1955 ዓ.ም ተከፍቶ በመጋቢት 1969 ዓ.ም በደርግ ተወረሰ፤ ስሙም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ከዚያ በኋላ በአገር ውስጥ የቀረው የመንግሥት ድምፅ ነው። አጭር ሞገድ ያለው ሬዲዮ የገጠመለት ሰው ደግሞ የዶቸ ቬለን፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮም የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ይፈልግ ነበር። ይህን የሚያደርገው ግን መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ አይቶ ነው።

በዚሁ ዘመን የሙዚቃው ዓለምም ተለወጠ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የአገር ፍቅርን የማሳተም ብቸኛ መብት ተጋፍቶ አምሃ ሪከርድስን ከፈተ፤ በአብዮቱ ማግሥት ግን አገር ጥሎ ወጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ሸክላ ኅትመት ቆመና ቦታውን ካሴት ወሰደ። የሰዓት እላፊው ሰውን ማታ ቤቱ አስገባው፤ የግጥም ቅድመ ምርመራው ዘፋኙን በሰምና ወርቅ እንዲናገር አስገደደው። ካሴቱ ግን መኪና ላይ ተሳፍሮ ይጓዝ ነበር።

ሸክላ በአሰብ መንገድ ላይ ሊያጫውት የሚችል የጭነት መኪና አልነበረም። ካሴት ግን ከአዋሽ ሙቀት፣ ከሚሌ አቧራና ከመንገዱ ንቅናቄ ጋር ይኖራል። አዲስ ሥራ ሲወጣ ከሙዚቃ ቤት ተነሥቶ ክፍለ ሀገር የሚደርሰው በአውቶቡስና በጭነት መኪና ነው፤ ሹፌሩ አድማጭም አከፋፋይም ነበር። በኋላ ዋሽንግተን የተቀረጸው ካሴት በመንገደኛ ሻንጣ መጥቶ በዚሁ መስመር ገባ። በ1997 ዓ.ም የቴዲ አፍሮ «ያስተሠርያል» ሲወጣም በአየር ሞገድ ላይ ያልተገኘውን ቦታ ያገኘው በታክሲና በሱቅ ቴፕ ላይ ነው። አንድ ሰው ጋቢናው ውስጥ የሚያጫውተውን ለማገድ እያንዳንዱን ጋቢና መክፈት ያስፈልጋል፤ ያንን የሚችል መንግሥት የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነቱ የሚታወቅ ነው። ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም ሲጀምሩ ታክሲው የወሬና የጨዋታ ቤት ሆነ። ሲዲ መጣና በኮረኮንች መንገድ እየዘለለ ብዙ ሳይቆይ ሄደ። ፍላሽ ሲመጣ ቴፑን መቀየር ያልቻለው ባለመኪና በሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ ጣት የምታህል ዕቃ ገዛ። ፍላሹ ላይ ያለውን ዘፈን በኤፍኤም ሞገድ አስተላልፋ በራሱ ሬዲዮ ታሰማዋለች። ለሦስት ሜትር ርቀት የሚሠራ የግል ሬዲዮ ጣቢያ ማለት ነው፤ ባለቤቱም፣ ጋዜጠኛውም፣ አድማጩም አንድ ሹፌር።

▪️ ከውይይት እስከ ቅጥቅጥ

የመኪና ውስጥ ማደስ በኢትዮጵያ በፒክአፕ ባለቤቶች ፋሽን የተጀመረ አይደለም። በሕዝብ ማመላለሻ ነው የተጀመረው። አዲስ አበባ «ውይይት» ብላ የምታስታውሰው ታክሲ ከኋላው ጣሪያ ተሠርቶለት በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት ትንሽ የጭነት መኪና ነበር። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ስብሰባ የገባ ይመስላል። ውይይት ግዴታ በነበረበት ዘመን ከተማው በራሱ ላይ የቀለደው ቀልድ ነው።

ቀጥሎ «ቅጥቅጥ» መጣ። የአይሱዙ የጭነት መኪና ጋቢናና ሻንሲ ተወስዶ ቀሪው አካል እዚሁ በመዶሻ ተቀጥቅጦ አውቶቡስ ሆነ፤ ስሙም አሠራሩን ተናገረ። የቀኝ መሪ የነበራቸው ሚኒባሶችም ዳሽቦርዳቸው ተቆርጦ መሪያቸው ወደ ግራ እየተዛወረ ሠርተዋል። ወንበር መስፋት፣ ብረት መበየድ፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ጣሪያ ማልበስ የሚችል የእጅ ባለሙያ ትውልድ የተፈጠረው በእነዚህ ሥራዎች ነው። ዛሬ የሃይሉክስ ወንበር ቆዳ የሚያለብሰው ወጣት የእነዚያ ባለሙያዎች የልጅ ልጅ ነው፤ በሥጋ ባይሆን በሙያ።

ፒክአፑም ቢሆን ድምፅ ለመሸከም እንግዳ አይደለም። ስፖንዳው ላይ ሞንታርቦ ተጭኖ ሕዝብ ለስብሰባ ተጠርቶበታል፣ የክትባት ዘመቻ ተነግሮበታል፣ የምርጫ ቅስቀሳ ተካሂዶበታል፣ ሙሽራ ታጅቦበታል፣ በጥምቀት መዝሙር ተሰምቶበታል። ለሕዝብ የሚጮኸው ከኋላ ተጭኖ ሳለ የጋቢናው ሰው ግን ለራሱ የሚሰማው አልነበረውም።

▪️ ከጨረታ ሜዳ ወደ ግቢ

ለውጡ የመጣው መኪናው ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ነው። የእርዳታ ፕሮጀክት ሲዘጋ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሮጌ መኪናውን ሲያስወግድ፣ ፒክአፑ ለጨረታ ይቀርባል። የሚገዛው ሰው የሚረከበው የሌላ ሰው ታሪክ ያለበትን ጋቢና ነው። የመገናኛ ሬዲዮው ተነቅሎ የቀሩ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። በሩ ላይ የድርጅቱ አርማ የተላጠበት ቦታ ከሌላው ቀለም ደምቆ ይታያል። የሹፌሩ ወንበር ስፖንጅ በግራ በኩል ብቻ ሰምጧል፤ ለአሥር ዓመት አንድ ሰው በዚያ በኩል ገብቶ ወጥቶበታል።

አዲሱ ባለቤት መጀመሪያ የሚያደርገው ሞተሩን ማስፈተሽ ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወንበሩና ቴፑ ነው። ይህ ከቅንጦት ጋር መምታታት የለበትም። ጠዋት ከቡራዩ ሲሚንቶ ጭኖ የሚወጣው፣ ከሰዓት የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያስታውሰው፣ እሁድ እናቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው አንድ መኪና ነው። ዳብል ጋቢና የአንድ ቤተሰብ የጭነት መኪና፣ የቤት መኪናና አንዳንዴም ቢሮ ነው። ወንበሩን ማሰፋት «ይህ ከእንግዲህ የቢሮ አይደለም፤ የእኛ ነው» ማለት ነው።

▪️ አሮጌ መኪና ጥሪት ሲሆን

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ለማስቀረት ታስቦ ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት ባለፈ የቤት መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ።

የእነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ድምር ውጤት ገበያው ላይ ይታያል። በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ነው። እዚህ ግን አሮጌ ሃይሉክስ እንደ መሬት ይጠበቃል። የኤሌክትሪክ የቤት መኪና እየበዛ ቢመጣም ጭነት ተሸክሞ ከአስፋልት ውጭ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ለሚመለስ ገበሬ፣ ነጋዴና ተቋራጭ የናፍጣው ፒክአፕ ምትክ ገና በብዛት አልመጣለትም። ስለዚህ ያለውን ያድሳል። የማደስ ሥራው የመነጨው ከፖሊሲው ነው።

ክልከላው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የነዳጅ ወጪን የመቀነስ ዓላማው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን አዲስ መኪና እንዳይገባ የከለከለ መንግሥት አሮጌው መኪና ለሃያ ዓመት ተጨማሪ እንዲኖር ፈርዷል። ፍርዱን የሰጠ ደግሞ ያ መኪና በምን ሁኔታ እንደሚኖር ሊያስብ ይገባዋል።

▪️ የሚታየውና የማይታየው

የጋቢና እድሳት ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ለሚታየውና ለሚሰማው ነው፤ አደጋው ያለው በማይታየው ውስጥ ነው።

ሽቦውን እንውሰድ። ፒክአፑ በ12 ቮልት ይሠራል። 500 ዋት በትክክል የሚስብ አምፕሊፋየር ከ40 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ፋብሪካው ለሬዲዮ የዘረጋው ቀጭን ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ወይም ለ15 አምፔር የታሰበ ነው። ትልቁን አምፕሊፋየር ከዚያ ላይ መቀጠል፣ ፊውዙ ሲቃጠል ደግሞ በሽቦ ቁራጭ መተካት፣ በመቀመጫ ሥር እሳት እንደማስቀመጥ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ። ሽቦው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ ይደረግለታል፤ ካልሆነ በየኮረኮንቹ እየተፋቀ አንድ ቀን ይገናኛል።

ድምፁን እንውሰድ። የፒክአፕ ጋቢና ጠባብ ነው፤ የኋላ ግድግዳው ከወንበሩ ጀርባ ነው፤ የናፍጣ ሞተሩ ከእግር ፊት ይጮኻል። ሹፌሩ ቴፑን የሚያስጮኸው ሙዚቃው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን የመኪናው ጫጫታ ስለሚበልጠው ነው። ድምፅን በሦስት ዴሲቤል ብቻ ለመጨመር የኃይል መጠኑን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በሮቹንና የኋላ ግድግዳውን ውስጥ ለውስጥ ጫጫታ በሚውጥ ጎማ መሰል ልባስ መለጠፍ፣ ያረጀ የበር ጎማ መቀየር፣ ብዙ ጊዜ ከትልቅ አምፕሊፋየር ይልቅ ርካሽና የተሻለ መፍትሔ ነው። ለጆሮም ይበጃል። ለስምንት ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ መስማት ጆሮን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪም የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሹፌር ይህን የሚያውቀው ሲደነቁር ነው።

ወንበሩን እንውሰድ። ቆዳ የለበሰው ወንበር ያምራል፤ ግን ሰፊው ሥራውን ሲጨርስ የደህንነት ቀበቶው መቆለፊያ ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ የቀረባቸው መኪናዎች ጥቂት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር ተሳፋሪ የመሞት ዕድሉን እስከ ግማሽ ሊቀንስለት ይችላል። በአዲሶቹ ሃይሉክሶች ላይ የጎን ኤርባግ በወንበሩ ጎን ውስጥ ሊኖር ይችላል። በዚያ ስፌት ላይ ወፍራም ሽፋን ማልበስ የሚከፈተውን ነገር መስፋት ነው። ወለል ከመልበሱ በፊት የዛገው ካልተፋቀና ውኃ የሚያስገባው ካልተደፈነ ደግሞ ምንጣፉ እርጥበት ይዞ ብረቱን ከላይ ሳይታይ ይበላዋል።

ስክሪኑም የራሱ ጉዳይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930 ስለ ሬዲዮ የተነሣው የመዘናጋት ክርክር ያን ጊዜ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ሬዲዮ የሚፈልገው ጆሮን ነው። ዛሬ በዳሽቦርድ ላይ የሚጫወተው የሙዚቃ ክሊፕ ግን ዓይንን ይፈልጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ሰኮንድ ከ33 ሜትር በላይ ይጓዛል። አንድ ክሊፕ ገልብጦ ሌላ ለመምረጥ ሁለት ሰኮንድ ትንሽ ነው፤ መንገድ ለሚሻገር ሕፃን ግን ብዙ ነው።

▪️ የሙያው ጉዳይ

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ባለሙያ በኢትዮጵያ የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ችግሩ ደንበኛው ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ስክሪን፣ አንድ ዓይነት ቆዳ አላቸው። ልዩነቱ ከምንጣፉ ሥር ነው፤ ከምንጣፉ ሥር ደግሞ ማንም አያይም።

የቦሎ ምርመራ በየዓመቱ እያንዳንዱን መኪና ለማየት ዕድል ይሰጣል። ፍሬኑንና መብራቱን የሚፈትሽ መርማሪ ቀበቶው መታሰሩን፣ ወንበሩ በብሎኑ መያዙን፣ ከባትሪው የወጣው ተጨማሪ ሽቦ ፊውዝ እንዳለው ለማየት የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም የጋቢና እድሳትንና የድምፅ ሥራን እንደ ሙያ ቆጥረው ቢያስተምሩ ለብዙ ወጣት እንጀራ ይሆናል። ይህ ሥራ በሚቀጥሉት ዓመታት አይቀንስም። አዲስ ነዳጅ መኪና በማይገባበት አገር ያለውን የሚያድስ እጅ አስፈላጊ ነው።

ባለመኪናውም የራሱ ድርሻ አለው። ቅደም ተከተሉን ቢያስተካክል ብዙ ነገር ይድናል፤ መጀመሪያ ወለሉና ዝገቱ፣ ቀጥሎ ወንበሩና ቀበቶው፣ ቀጥሎ ሽቦው፣ ቀጥሎ የበሩ ልባስና ስፒከሩ፣ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ። ብዙው ሰው የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ከስክሪኑ ይጀምርና ገንዘቡ ሳይበቃው ከቀበቶው ሳይደርስ ይቆማል።

ቀደምት ሹፌሮች በዚያ ባዶ ጋቢና ውስጥ ለዓመታት የአለቃ ድምፅ እየሰሙ፣ በጎማ ወለል ላይ እየተቀቀሉ፣ በስስ ወንበር ላይ ወገባቸውን እየከፈሉ አገር አቋርጠዋል። መኪናው አሁን የልጆቻቸው ሆኗል። ልጆቹ ወንበሩን ቢያሰፉት፣ የወደዱትን ዘፈን ቢሰሙበት ሲያንሳቸው ነው። የቀረው ምቾቱ ያሳመረው ጋቢና የገቡትን ሁሉ ወደ ቤታቸው የሚመልስ እንዲሆን ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ ከቴፑ በፊት ቀበቶው ይቅደም።